ዘንዶን የማያውቅ ልጅ

«ቲቸር፣ ይሄን መጽሐፍ ማንበብ ኃጢአት ነው?»

ጠያቂዋ እሑድ ጠዋት በታዳጊዎች ክፍል የማስተምራት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። መጽሐፉን ለእረፍት ከውጭ አገር የመጣች የአክስቷ ልጅ ትታላት ሄዳለች። ሽፋኑ ላይ መርከብ ተሥሏል፤ የመርከቡ አፍንጫ የዘንዶ ራስ ነው። እናቷ ሥዕሉን አይተው፣ ውስጡም አስማተኛ የሚባል ሰው እንዳለ ከልጃቸው ሰምተው፣ «መጀመሪያ ለአስተማሪሽ አሳዪ» ብለው ልከዋታል። እኔም «እስቲ ልየው» ብዬ ተቀበልኳት።

እውነቱን ለመናገር የተቀበልኳት ላነብ አልነበረም፤ ልመረምር ነበር። ኮሌጅ ከጨረስኩ ወዲህ ለትምህርት ዝግጅት ሳይሆን እንዲሁ ወድጄው ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት መጽሐፍ አልነበረም። በልጅነቴ እንዲህ አልነበርኩም። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» መብራት ሲጠፋ በሻማ አነብ ነበር፤ እናቴ «ዓይንህ ይጠፋል» እያለች ሻማውን እፍ ትልብኝ ነበር። አስተማሪ ስሆን ግን መጽሐፍ ሁሉ የስብከት ጥሬ ዕቃ ሆነብኝ። ሃይላይተር ይዤ እገባለሁ፤ ሦስት ነጥብና አንድ ምሳሌ ይዤ እወጣለሁ። የቀረው ገጽ ምን እንደሚል ግድ አይሰጠኝም። ይህንንም መጽሐፍ የጀመርኩት በዚያው ልማድ፣ ደብተርና እስክሪብቶ አጠገቤ አስቀምጬ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ደብተሩን ረስቼው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናንተ ለወጣቶች ልነግራችሁ የፈለግሁት፣ የብዙዎቻችሁም ችግር ከእኔ የራቀ ስላልመሰለኝ ነው።

መጽሐፉና ጸሐፊው

መጽሐፉ ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው «የዶውን ትሬደር የባሕር ጉዞ» ነው። ከ1950 እስከ 1956 ከወጡት ሰባት የናርኒያ መጻሕፍት በኅትመት ቅደም ተከተል ሦስተኛው ሲሆን፣ ፋንታሲ ወይም ምናባዊ ልብ ወለድ ከሚባለው ዘርፍ ውስጥ ይመደባል። ሉዊስ በ1898 ቤልፋስት ተወለደ። እናቱን በዘጠኝ ዓመቱ በካንሰር አጣ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆሰለ፤ ኋላም በኦክስፎርድ ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማረ። እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው ነበር። በ1916 ገና ወጣት ሳለ ከባቡር ጣቢያ የገዛው የጆርጅ ማክዶናልድ ምናባዊ ልብ ወለድ ምናቡን እንዳጠመቀለት በኋላ ጽፏል፤ አእምሮውና ፈቃዱ ግን ብዙ ዓመት ዘግይተው በ1931 ወደ ክርስቶስ መጡ። እንግዲህ ይህ ሰው ታሪክ ሰውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል የጻፈው በራሱ ላይ ከደረሰው ተነሥቶ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኤድመንድና ሉሲ የተባሉ ወንድምና እኅት አስቸጋሪ የአጎታቸው ልጅ በሆነው በዩስታስ ቤት እንግዳ ሆነው ሳለ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የመርከብ ሥዕል ሕይወት ይዘራና ሦስቱንም ወደ ባሕር ይስባቸዋል። መርከቧ ዶውን ትሬደር ትባላለች፤ ወደ ንጋት የምትሄድ እንደ ማለት ነው። የናርኒያ ወጣት ንጉሥ ካስፒያን፣ ክፉ አጎቱ ከአገር ያራቃቸውን ሰባት መኳንንት ፍለጋ ወደ ምሥራቅ እየተጓዘባት ነው። ከደሴት ወደ ደሴት ይሄዳሉ፤ በየደሴቱም አንድ ፈተና ይገጥማቸዋል። አስላን የተባለው ታላቁ አንበሳ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቅ ይላል። ሁለት እግሩ ላይ የሚቆም፣ ሰይፍ የታጠቀ፣ ክብሩን የማያስነካ ሪፒቺፕ የተባለ አይጥም አብሯቸው አለ።

የእኔን ደብተር ያዘጋው ግን ዩስታስ ነው።

ዩስታስ ምን ያነብ ነበር?

ዩስታስ ማንበብ የሚጠላ ልጅ አይደለም። ሉዊስ ይህን ገና ከመነሻው ያሳውቀናል። ዩስታስ የሚያነበው መረጃ የሚሰጡ መጻሕፍትን ነው። ስለ እህል ማከማቻ፣ ስለ ምርትና ስለ ቁጥር የሚያወሩ መጻሕፍት ይወዳል። ተረት ግን አያነብም፤ የሚያነቡትንም ይንቃል። በመርከቡ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማስታወሻውም ሁሉም ሰው እንዴት እንደበደለውና እርሱ ብቻ እንዴት ትክክል እንደሆነ የሚያስረዳ የክስ መዝገብ ነው።

ከከባድ ማዕበል በኋላ መርከቧ አንድ ደሴት ትደርሳለች። ሁሉም ለጥገና ሲሰማራ ዩስታስ ከሥራ ለማምለጥ ሾልኮ ወደ ተራራው ይወጣል፤ በጉም ውስጥ መንገድ ይስትና ወደ ማያውቀው ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ ከዋሻ አንድ እንስሳ እየተሳበ ይወጣል። ረጅም፣ ቅርፊታም፣ ከአፍንጫው ጭስ የሚወጣ። ከእኔ ክፍል ልጆች ማናቸውንም ብትጠይቁ ስሙን ይነግሯችኋል። ዩስታስ ግን ምን እንደሚያይ አያውቅም፤ ስለ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚናገር መጽሐፍ አንብቦ አያውቅምና። ያረጀው ዘንዶ ውኃ ዳር ደርሶ ይሞታል። ዝናብ ሲመጣ ልጁ ዋሻው ውስጥ ይጠለላል፤ የወርቅና የዕንቁ ክምር ያገኛል። ዘንዶ ሀብት እንደሚያከማችና ያ ሀብት ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው መጽሐፍ ስላላነበበ አይፈራም። አንድ የወርቅ አምባር ክንዱ ላይ ያጠልቃል፤ ክምሩ ላይ ተጋድሞ በስስት ሐሳብ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ዘንዶ ሆኗል።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አሰብኩ። ቴሌግራም ላይ ካገኘኋቸው ቻናሎች ሁሉ ያወረድኳቸው ከ200 በላይ የፒዲኤፍ መጻሕፍት አሉ። የጸሎት መጻሕፍት፣ የአመራር መጻሕፍት፣ የነገረ መለኮት መጻሕፍት፣ ልብ ወለዶች። ከእነዚህ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት አንድም የለም። አዲስ ሲመጣ አወርዳለሁ፣ ለሌሎች «እኔ ጋ አለ» እላለሁ፣ ከዚያ ክምሩ ላይ እተኛለሁ። የተቀሩትን ደግሞ መረጃ ፍለጋ እበረብራለሁ። ስለ ዩስታስ እያነበብኩ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ስለ ራሴ ነው።

በአማርኛ «ዘንዶ» ስንል

ይህ ታሪክ በእኛ ቋንቋ ሲታሰብ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይከብዳል። ለእንግሊዝ ልጅ ይህ እንስሳ የተረት ፍጡር ነው። ለእኛ ግን ዘንዶ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ከሰማይ የተጣለው የከሳሹ ስም ነው። በየግድግዳውና በየታክሲው ላይ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕልም ከፈረሱ እግር በታች ጦር የተሰካበት እርሱ ነው። ስለዚህ እኛ እንደ ዩስታስ ዘንዶን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የምናውቀው ግን ሁልጊዜ ከእኛ ውጭ እንደሆነ፣ ከጦሩ በታች እንደሚወድቅ ጠላት ብቻ ነው።

ሉዊስ ያደረገው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። በዚህ ምዕራፍ ዘንዶውን የሚገድል ጀግና የለም። አሮጌው ዘንዶ በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ አዲሱ ዘንዶ ደግሞ እኛ የምናውቀው ልጅ ነው። ዩስታስ መለወጡን የሚያውቀው በውኃ ውስጥ መልኩን አይቶ ነው። መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ አሁን ሁሉም ይፈሩታል። ወዲያው ግን መፈራት ማለት ብቻውን መሆን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እንደ በዳዮቹ ሲጽፍባቸው የነበሩት ሰዎች ደግሞ ወዳጆቹ እንደነበሩ ይታየዋል። ለሰው ክንድ የተሠራው አምባር የዘንዶ እግር ላይ ጠልቆ ያሠቃየዋል። የሉሲ መድኃኒት እብጠቱን ያስታግሳል እንጂ ወርቁን ሊያወልቀው አይችልም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮችን በመጀመሪያው ንባብ አልፌአቸው ነበር፤ ስመለስ ግን የምዕራፉ ልብ እነርሱ ሆነው አገኘኋቸው። አንደኛው፣ ዩስታስ መናገር ስለማይችል የደረሰበትን በአሸዋ ላይ ለመጻፍ ይሞክራል፤ አይሆንለትም። የዘንዶ ጥፍር ለመጻፍ አልተፈጠረም። ሉዊስ ሌላም ምክንያት ይጨምራል፦ ልጁ ታሪክ አንብቦ ስለማያውቅ ታሪክን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚናገሩት አያውቅም። ሁለተኛው፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣው አጠገቡ መጥቶ የሚቀመጠው ሪፒቺፕ ነው፤ ያ ቀድሞ ዩስታስ በጅራቱ ይዞ ያዞረው አይጥ። ሪፒቺፕ ከፍ ካለ ቦታ ወድቀው መከራ ስላዩ፣ ከእነርሱም ኋላ ስለተነሡ ነገሥታትና ጀግኖች ያወራለታል። ዩስታስ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪክ አርፎ የሚያዳምጠው ዘንዶ ሆኖ ነው፤ የሚነግረውም የበደለው ነው።

ሦስት ቆዳ

ከዚያ ያ የታወቀው ሌሊት ይመጣል። አንበሳው በጨረቃ ብርሃን ወደ ዩስታስ ይመጣና ወደ ተራራ ጫፍ፣ ወደ አንድ አትክልት ስፍራ ይወስደዋል። በእብነ በረድ ደረጃ የሚወረድበት ትልቅ የውኃ ጕድጓድ አለ። ዩስታስ ውኃው ሕመሙን እንደሚያስታግስለት ያስባል፤ ግን አስቀድሞ ልብሱን ማውለቅ አለበት። እባብ ቆዳውን እንደሚጥል በጥፍሩ ይፍቀዋል፤ አንድ ቆዳ ይወልቃል። ከሥሩ ሌላ ቅርፊት አለ። ያንንም ይፍቃል፤ ሌላ አለ። ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ሦስት ጊዜም ያው ዘንዶ ነው። በመጨረሻ ጀርባው ላይ ተንጋሎ ለአንበሳው ጥፍር ራሱን ይሰጣል። የመጀመሪያው ጭረት እስከ ልቡ የዘለቀ ያህል ያመዋል፤ ከዚህ የሚብስ ሕመም አያውቅም። ሆኖም ያ ነገር ከላዩ ሲነሣ የሚሰማው እፎይታ ሕመሙን ያስችለዋል። አንበሳው ያነሣውና ውኃው ውስጥ ይጥለዋል፤ ይለበልበዋል፤ ከዚያ ይዋኛል፤ ከዚያም እንደገና ልጅ መሆኑን ያያል። አዲስ ልብስም ይለብሳል።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «አንበሳው — ጌታ። ቆዳው — አሮጌው ሰው፣ ኤፌሶን 4። ሦስቱ ሙከራዎች — ጽድቅ በሥራ። ውኃው — ጥምቀት። ልብሱ — ገላትያ 3።» አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስሕተት የለበትም። ለቀጣዩ እሑድ የሚሆን ትምህርት ነበር።

እሑድ ለልጅቷ ይህን አስረዳኋት። በትኅትና አዳመጠችኝና፣ «እሱን አውቄዋለሁ። ግን ሲላጥ በጣም እያመመው ለምን ደስ አለው?» አለችኝ። መልስ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። እርሷ ጥፍሩ ተሰምቷት ነበር፤ እኔ ጥፍሩን በጥቅስ ሸፍኜዋለሁ። ቤት ገብቼ ያንን ምዕራፍ ያለ ደብተር እንደገና አነበብኩት። ራሴን በራሴ የላጥኩባቸው ጊዜያት አንድ በአንድ መጡብኝ፦ በየዘመን መለወጫው የገባኋቸው ቃሎች፣ በየጾም ጸሎቱ የተውኳቸውና የተመለስኩባቸው ነገሮች። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የቆየ ቂም፣ በልቤ በደንብ የተያዘ የክስ መዝገብ፤ ልክ እንደ ዩስታስ ማስታወሻ። ያን ሌሊት የጸለይኩት ጸሎት ብዙ ዓመት ያልጸለይኩት ዓይነት ነበር።

መጠቀምና መቀበል

ሉዊስ በ1961 ባሳተመው የሥነ ጽሑፍ ሂስ መጽሐፉ ሁለት ዓይነት አንባቢ እንዳለ ይከራከራል። አንዱ መጽሐፍን ይጠቀምበታል፤ ሌላው ይቀበለዋል። የሚጠቀመው ቀድሞ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ያንን ነቅሶ ይሄዳል። የሚቀበለው ግን መጀመሪያ ዝም ብሎ መጽሐፉ የሚያደርገውን እንዲያደርግ ይፈቅድለታል፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በ1956 በጻፈው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የልጅነት ችግሩን ይናገራል። ስለ ጌታ መከራ ሊሰማው የሚገባውን ስሜት እንዲሰማው መታዘዙ ራሱ ልቡን አቀዘቀዘበት። ስለዚህ ያው እውነት የሰንበት ትምህርቱን ሽታ ጥሎ በምናባዊ ዓለም ውስጥ ቢገለጥ፣ በልባችን ደጅ ዘብ የቆሙትን ንቁ ዘንዶዎች ሾልኮ ሊያልፍ ይችል እንደሆነ አሰበ።

ይህን የጀመረው ሉዊስ አይደለም። ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ «አመንዝረሃል፣ ገድለሃል» ብሎ አልጀመረም። ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት ጠቦት ተረከለት። የዳዊት ዘቦች በር ላይ ቆመው ሳለ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዳዊት በበደለኛው ላይ ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው በደለኛው እርሱ ራሱ መሆኑን የሰማው። ዳዊት ታሪኩን ማዳመጥ ትቶ ገና ከጅምሩ «ጠቦቷ ምሳሌነቷ ለምንድን ነው?» ብሎ ቢተነትን ኖሮ ንስሐ ባልገባ ነበር።

ስለ ምስክርነትም አንድ ነገር ልናዘዝ። የምስክርነት ሥልጠና ስሰጣችሁ የነበረበት ወረቀት ሦስት ክፍል አለው፦ «ድሮ እንዲህ ነበርኩ፤ ጌታን አገኘሁ፤ አሁን እንዲህ ነኝ።» ወረቀቱ አይከፋም። ነገር ግን ባለፈው የወጣቶች ጉባኤ ላይ ሰባት ወጣቶች ተከታትለው ሲመሰክሩ ስሞቹን ብቻ ብንቀያይር ማንም የማይለየው ምስክርነት ሰማሁ። ሕይወታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ አይደለም፤ ታሪክ እንዴት እንደሚነገር ስላላሳየኋቸው ነው። ዩስታስ በአሸዋው ላይ መጻፍ ያቃተውን ታሪክ፣ ከዳነ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ለኤድመንድ ይነግረዋል። ሳያሳምር፣ ሳያሳጥር፣ ሕመሙን ሳይደብቅ ነው የሚነግረው። ኤድመንድም አይሰብክለትም፤ የራሱን የቀድሞ ክህደት ያነሣለታል። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የምስክርነት ትምህርት አላገኘሁም።

ሉሲና የአስማቱ መጽሐፍ

እናትየዋን ወዳሳሰበው ወደ አስማተኛው ልምጣ። በአንድ ደሴት ላይ ሉሲ፣ የማይታዩ ሆነው የቀሩ ፍጡራንን ለመርዳት፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ብቻዋን እንድታነብ ትላካለች። የመጽሐፉ ገጾች ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይገለጡም። ስታነብ ሦስት ነገሮች ይገጥሟታል። የመጀመሪያው ከሰው ሁሉ በላይ ቆንጆ የሚያደርግ ነው፤ ልትለው ስትል የአንበሳው ፊት ገጹ ላይ ይታያትና በፍርሃት ታልፈዋለች። ሁለተኛው ወዳጆችሽ ስለ አንቺ ምን ያስባሉ የሚለውን የሚያሳይ ነው። ይህንን ትለዋለች፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ስታማት ትሰማለች፤ ያ ወዳጅነት እንደ ድሮው አይሆንላትም፤ በኋላም አስላን ይገሥጻታል። ሦስተኛው ነፍስን የሚያሳርፍ ነው፤ እርሱም ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ሉሲ ታሪክ እያነበበች መሆኗን እስክትረሳ ድረስ ትገባበታለች። ሲያልቅ ደግማ ልታነበው ትፈልጋለች፤ አትችልም። ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ዛፍና አረንጓዴ ኮረብታ እንደነበሩበት ብቻ ታስታውሳለች። አስላን ግን ያንን ታሪክ ለዓመታት እንደሚነግራት ተስፋ ይሰጣታል።

እኛም እነዚህን ሦስት ንባቦች እናውቃቸዋለን። አንዱ ራሳችንን ለማሳመር ነው፤ መጽሐፉን ከቡና ስኒ ጋር ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ። ሁለተኛው ሰዎች ስለ እኛ ምን እንዳሉ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ መፈለግ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ሉሲ ያገኘችው ነው። ሦስተኛው ግን ራስን ረስቶ ማንበብ ነው፤ ዕረፍት ያለውም እዚያ ብቻ ነው። ሉሲ በመጨረሻ የማይታየውን የሚያሳየውን ቃል ስታነብ ፍጡራኑ ብቻ አይደሉም የሚታዩት። ዘወር ስትል አስላን በሩ ላይ ቆሟል፤ ቀድሞም እዚያው ነበር።

ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ከደሴት ወደ ደሴት የሚሄድ ስለሆነ አንዳንዱ ክፍል ሳይበስል ይቀራል፤ የዩስታስ ታሪክም ከመጽሐፉ አጋማሽ በፊት ስለሚያልቅ ከዚያ በኋላ እርሱን ናፍቄአለሁ። ባሪያ ለመግዛት የሚመጡትን የካሎርመን ነጋዴዎች ጠቆር ያለ ፊት ያላቸው፣ ጥምጥም የጠመጠሙና ጨካኞች አድርጎ መሣሉ የዘመኑን የእንግሊዝ ሰው ዓይን ያሳያል፤ አፍሪካዊ አንባቢ ይህን አይቶ እንዳላየ ማለፍ የለበትም። በዚያው ምዕራፍ ግን ሻጮቹና ንግዱን በቁጥርና በሰንጠረዥ የሚከላከለው ገዥ የናርኒያው ንጉሥ የራሱ ተገዢዎች ናቸው፤ ካስፒያንም ንግዱን ይሽረዋል። የዩስታስን ወላጆች ሥጋ ስለማይበሉ፣ ስለማያጨሱና ስለማይጠጡ ማሾፉ ደግሞ አሣቀኝ። በዚህ መለኪያ ግማሹ ማኅበረ ምእመናችን የዩስታስ ዘመድ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የአስማቱ ነው። ዘዳግም 18 ጥንቆላን በግልጽ ይከለክላል። በመካከላችን ደግሞ ቃልቻ ቤት ሲሄዱ ያደጉ፣ ያንን ቀንበር ጌታ የሰበረላቸው ወጣቶች አሉ። ለእነርሱ አስማተኛ የሚለው ቃል ጨዋታ አይደለም። ይህ መጽሐፍ ኅሊናቸውን የሚያውክባቸው ከሆነ ይተዉት፤ ሮሜ 14 በእኛም ላይ ይሠራል፤ ማንም «አልሠለጠንክም» አይበላቸው። ለሌሎቻችን ግን የጆን ቡንያንን የመንገደኛ ታሪክ አስታውሳለሁ። በ1678 የታተመውና በአማርኛም ከተተረጎመ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ያ መጽሐፍ ግዙፋን ሰዎችና እሳት የሚተፋ ጭራቅ የሞሉበት ነው፤ አባቶቻችን ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ አስቀመጡት። ጥያቄው በታሪኩ ውስጥ ጭራቅ አለ ወይ የሚለው አይደለም። ታሪኩ ጭራቁን እንድንወደው ያደርገናል ወይስ እንድናውቀውና እንድንጠላው? የሚለው ነው። ዩስታስን የጎዳው ዘንዶ ያለበት መጽሐፍ ማንበቡ አልነበረም።

በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ከዓለሙ ዳርቻ፣ ልጆቹ በባሕር ዳር ዓሣ የሚጠብስ በግ ያገኛሉ፤ በጉ አንበሳው ይሆናል። ዮሐንስ 21ንና ራእይ 5ን የሚያውቅ አንባቢ ልቡ ይመታል። አስላንም በእነርሱ ዓለም ሌላ ስም እንዳለው፣ በዚያ ስም ሊያውቁት እንደሚገባ፣ ወደ ናርኒያ የመጡትም ለዚህ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ጸሐፊው የመጽሐፉን ድንበር በራሱ እጅ አሰመረ ማለት ነው፤ ናርኒያ መኖሪያ አይደለም፣ ወደ ቤት የሚመልስ መንገድ ነው።

መዳን የጀመረ

ሉዊስ ዩስታስ በዚያ ሌሊት ፍጹም ተለወጠ አይልም። ሌላ ልጅ መሆን ጀመረ ይላል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን አስቸጋሪ ነበር። እኔም ያው ነኝ። ሃይላይተሩ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ሰኞ ሲመጣ ለእሑድ ትምህርት ምሳሌ አድናለሁ። ነገር ግን ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ሃያ ደቂቃ፣ ስልኬ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ምንም ሳላሰምር አነባለሁ። ከ200ዎቹ ፒዲኤፎች አብዛኞቹን አጥፍቻለሁ፤ ሦስት ብቻ አስቀርቼ አንዱን ጀምሬአለሁ። መጽሐፍ ቅዱስም ራሱ ተለውጦብኛል። በቅርቡ የሩትን መጽሐፍ ነጥብ ሳልቈጥር በአንድ ማታ አነበብኩትና ቦዔዝ በሩ ላይ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያልቅ የማላውቅ ያህል ጨነቀኝ።

ለወጣት ኅብረቶቻችሁ አንድ ሐሳብ አለኝ። መጽሐፉ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛ የሚቀለው አንድ ሰው በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ይምጣና በአማርኛ ይተርክላችሁ። ሲጨርስ «ምን እንማራለን?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የቱ ጋ አመማችሁ? የቱ ጋ ደስ አላችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። ትምህርቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

መጽሐፉን ስመልስ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። እናቷ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ስለ አስማቱ ያሰብኩትን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ዘንዶ ስለሆነው ልጅ፣ ስለ ሦስቱ ቆዳና ስለ አንበሳው ጥፍር ተረኩላቸው። ሲኒውን እንደያዙ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ታዲያ ልጁ ዳነ?» አሉኝ።

«መዳን ጀመረ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በይ እንግዲያው አምጪው፤ ማታ ማታ አንቺ እያነበብሽ ለእኔም ትተርኪልኛለሽ» አሏት።